ለፋሲካ ምን ይበላሉ?

ሽማግሌው ያመሰገኑኝ ዕለት ደነገጥኩ።

ከዚያ በፊት ዓመታት ሙሉ የእግራቸውን ቁስል ሳጥብና ፋሻ ስቀይርላቸው አንድም ቀን ደግ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም። «እጅሽ ከባድ ነው»፣ «ይሄን ያስተማረሽ ማነው፣ ገንዘቡን ይመልስ»፣ «ቀስ በይ፣ የበሬ እግር አይደለም» ነበር ሰላምታቸው። እኔም አፌ አርፎ የማይቀመጥ ሰው ነኝና «የበሬ ቢሆንማ እስካሁን ይድን ነበር» እላቸዋለሁ። ተራ ጠባቂው ሁሉ ይስቃል። እሳቸው ይቆጣሉ፣ እኔም እቆጣለሁ፣ ፋሻው ይታሰራል፣ በሳምንቱ ደግሞ ይመጣሉ። እንዲህ ተግባብተን ስንኖር፣ ሁዳዴ ከገባ በኋላ አንድ ጠዋት፣ ፋሻውን አስሬ ስጨርስ እጄን ያዙና «ልጄ፣ ብዙ ደክመሽብኛል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የተቀየምሽኝ ነገር ካለ ይቅር በይኝ» አሉኝ።

አብራኝ የምትሠራው ነርስ «እንዴት ደስ ይላል፣ በስተርጅና ልባቸው ራራ» አለች። እኔ ግን አልተቀበልኳትም። ሰው በደኅና ጊዜ ቁስሉን የምታጥብለትን ነርስ ይቅርታ አይጠይቅም። እንዲህ የሚሰናበት ለመሄድ የተነሣ ሰው ነው። «የት ሊሄዱ ነው አባባ?» አልኳቸው። «የት እሄዳለሁ፣ ቤቴ ነዋ» ብለው ከዘራቸውን አንሥተው ወጡ።

ስም አላነሣም፤ ሥራቸውን ግን ልናገር። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የከተማውን ውሃ የሚከፍቱና የሚዘጉ ሰው ነበሩ። በዚያ በንጉሡ ዘመን ሐረር ውሃ የሚመጣው በቀጠሮ ነው፤ ለዚህ ሰፈር ዛሬ፣ ለዚያ ሰፈር ነገ። ቀጠሮውን የሚይዙት እሳቸው ስለነበሩ ከፈረስ መጋላ እስከ ኤረር በር ያልተጣሉት ባለሱቅ አልነበረም። አባታቸው ወታደር ሆነው ወደ ሐረር የመጡ፣ እሳቸው እዚያው የተወለዱ ናቸው፤ እንደ እኔው ቤተሰብ። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ አባብሰው በአደርኛ የሚጨርሱት ስድብ ነበራቸው። ሰው ይፈራቸውም ይወዳቸውም ነበር፣ ምክንያቱም ጉቦ አይበሉም።

ባለቤታቸው የሞቱት ከዚያ ምስጋና በፊት በነበረው ክረምት ነው። ከዚያ በኋላ ቤታቸውን ዘግተው ወደ ሐኪም ጋራ በሚወስደው ዳገት ላይ፣ ልጃቸው ቤት ገቡ። ልጅቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሚስት ናት፣ ደግ፣ ቤቷ የሞላ። ሰዉ ሁሉ «ታድለዋል» ይል ነበር።

ከምስጋናው በኋላ ኤረር በር አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ የሐረሪ ነጋዴ ጣቱን መቀስ ቆርጦት ወደ ክፍላችን መጣ። ስሰፋለት ሕመሙን ረስቶ ሌላ ነገር አነሣ።

«ሲስተር፣ ያ የውሃው ሽማግሌ ያንቺ ታማሚ አይደለም?»

«ነው። ምን ሆነ?»

«ሱቄ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ወላሂ! ስንት ዘመን በአንድ ቧንቧ የተጣላን ሰዎች ነን። አንድ ረመዳን ሙሉ ውሃ የከለከለኝ ሰው ነው። አሁን ቁጭ ብሎ ‹ጥፋቱ የኔ ነበር፣ አውፍ በለኝ› አለኝ። ሱብሃነላህ! ጥፋቱ እኮ የኔ ነበር። ቧንቧውን ሳላስፈቅድ የቀጠልኩት እኔ ነኝ።» ጣቱን ረስቶ እጁን ሲያወናጭፍ መርፌው ሊያመልጠኝ ነበር። «ደግሞ ዣንጥላውን ሰጥቶኝ ሄደ። በዚህ ፀሐይ ዣንጥላውን የሚሰጥ ሽማግሌ ምን ሆኖ ነው? ይሄ ሰው ታሟል። የናንተ ሰዎች ደግ ሆነ ይላሉ፣ እኔ ግን ታሟል እልሻለሁ።»

ጠላቱ ያወቀውን ወዳጅ አለማወቁ አንጀቴን አሳረረው። በነርስነት ትምህርት ቤት ትኩሳት መለካት፣ የልብ ምት መቁጠር፣ ሰገራ ማየት ተምረናል። ስለ አእምሮ ሕመም የተማርነው የሚጮኸውንና ልብሱን የሚቀደውን ሰው ነው፤ ዝም ካለ ተሽሎታል ተብሎ ይጻፋል። እየሣቀ ዕቃውን የሚያድል፣ ከጠላቱ የሚታረቅ፣ እንቅልፍ እንዳገኘ ሰው ድንገት ዝም የሚል ሽማግሌ ግን ከየትኛውም ትምህርት ውስጥ አልነበረም። በኛ አገር ደግሞ እንዲህ ያለው ሽማግሌ ይመሰገናል እንጂ አይመረመርም።

በቀጠሯቸው ሲመጡ ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። ቀበቷቸው አዲስ ቀዳዳ ተበጅቶለታል፣ የጋብቻ ቀለበታቸው በክር ተጠቅልሎ ነው ጣታቸው ላይ የቆመው። ከሐኪሙ ዘንድ አስገባኋቸው። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው፣ ጥሩ ሐኪም፤ ሳንባቸውን አዳመጠ፣ ሆዳቸውን ዳሰሰ፣ ደማቸውን አስመረመረ። ምንም አጣ። «ይብሉ በያቸው» አለኝ። እየጾሙ እንደሆነ ስነግረው ብዕሩን አስቀመጠና «ይሄ የሃይማኖታችሁ ነገር ነው፣ እኔ አልገባበትም» አለ። ትሕትናው አናደደኝ። ሰው እየመነመነ ሲሄድ ለሃይማኖታችን ከሚጠነቀቅልን ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር።

የሚበሉትን ጠየቅኳቸው። ጀንበር ከጠለቀች በኋላ አንድ ጭብጥ የሽምብራ ቆሎ፣ ከዚያ ውሃ። መድኃኒታቸውንም ትተዋል፤ «ጠበል ይዣለሁ» አሉኝ። ጠበል ይዣለሁ ካለ ሰው ጋር ማን ይከራከራል? በዚህ ቃል ስንቱ በር እንደሚዘጋ የሚያውቅ እንደኔ በሆስፒታል የሠራ ብቻ ነው።

እኔ ግን ጾም አውቃለሁ። ከልጅነቴ ጀምሬ ጾሜያለሁ፣ የጾሙ ሰዎችንም ሳክም ኖሬያለሁ። የጾመ ሰው የሚያወራው ስለ ምግብ ነው። ክፍላችን በሁዳዴ መጨረሻ ላይ ወጥ ቤት ይመስላል፤ አንዷ ቅቤዋን እንዴት እንደምታነጥር ታወራለች፣ አንዱ በግ ስንት እንደገባ ይጠይቃል፣ ራሱን ቀና ማድረግ ያቃተው በሽተኛ እንኳ «ለፋሲካ ዱለት ባገኝ» ይላል። ጾም መጨረሻ አለው፤ የሚጾም ሰው ዓይኑ መጨረሻው ላይ ነው። ስለዚህ ፋሻቸውን እያሰርኩ እንደ ዋዛ «አባባ፣ ለፋሲካ ምን ይበላሉ?» አልኳቸው።

ጥያቄው ሌላ ሰው የተጠየቀ ይመስል ወደ መስኮቱ ዞሩ። «ለልጆቹ በግ ይታረድላቸዋል» አሉ።

«እርስዎስ?»

«ልጆቹ ደስ ይላቸዋል» አሉ እንደገና።

በፋሲካው ማዕድ ላይ እሳቸው የሉበትም። ያን ጊዜ እርግጠኛ ሆንኩ።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ዳገቱን ወጥቼ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። በክብር ተቀበለችኝ። አባቷ ከመጠን በላይ መክሳታቸውን፣ ዕቃቸውን ማደላቸውን፣ ሰውን ሁሉ መሰናበታቸውን አንድ በአንድ ነገርኳትና «እህቴ፣ አባትሽ መኖር ያስጠላቸው ይመስለኛል። ጾሙን ለመሞቻ የያዙት ይመስለኛል» አልኳት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«አንቺ ሴትዮ፣ አባቴን በቁማቸው ስማቸውን ልታጠፊ ነው የመጣሽው? ይሄን ሰው ቢሰማ ነገ ፍትሐት ይደረግላቸዋል? ከእናቴ ጎን ይቀበራሉ?» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፣ ከውስጥ ክፍል እንዳይሰማ። «አባቴ ተረጋግተዋል። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ሰላም አግኝተው አያውቁም። ሰላማቸውን ተይላቸው።»

አባቷ ከእናቷ ጎን ስለሚያገኙት መቃብር ያሰበችውን ያህል እስከ መቃብሩ ስለቀራቸው ጊዜ ብታስብ ምን አለበት ብዬ እየተንጨረጨርኩ ወረድኩ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላል ያገሬ ሰው፤ ራሱ ያገሬ ሰው ነው ግን ሲደብቅ የሚኖረው። ፍርሃቷ ገብቶኛል። በገዛ እጁ ሞተ የተባለ ሰው ቤተ ክርስቲያን እንደማትቀብረው፣ ቤተሰቡም በሰፈር አንገቱን ደፍቶ እንደሚኖር ማንም ያውቃል። ሰው አፉን የሚዘጋው ስለማያውቅ አይደለም፣ በጣም ስለሚያውቅ ነው።

የቀሩኝ የንስሐ አባታቸው ነበሩ። አባ በዕድሜ የገፉ ቄስ ናቸው፣ ቁጡ፣ ግን ቅን። ከቅዳሴ በኋላ ዛፍ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። መስቀላቸውን ተሳልሜ ነገሩን ስጀምር ገና በመሐሉ ፊታቸው በራ።

«እሳቸው! ልጄ፣ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ የንስሐ ልጅ አልነበረኝም። ያ ሁሉ ቁጣ እንደ ጤዛ ጠፋ እኮ! ለሌሎቹ ሁሉ እሳቸውን ምሳሌ አድርጌ እነግራቸዋለሁ።»

«አባ፣ ሰውዬው እየሞቱ ነው።»

«ሥጋ ሲደክም ነፍስ ትበረታለች።»

«የታመመ ሰው ከጾም ነፃ ነው አይሉም እንዴ? ይፍቷቸው።»

«እሳቸው ፍቱኝ ሳይሉ?» አሉ በመገረም። «የኔ ልጅ፣ ፋሲካ ቀርቧል። ያኔ ይበላሉ።»

«ባይበሉስ?»

ሣቁ። «በፋሲካ የማይበላ ክርስቲያን ማን አለ?» ብለው ባርከው አሰናበቱኝ። ቡራኬውን ይዤ በፈረስ መጋላ ሳልፍ ብቻዬን ስናገር ያየኝ ሰው አብዳለች ሳይል አልቀረም።

እሑድ የፋሲካ ዕለት እኩለ ቀን ላይ ቤቴን ከነእንግዳው ትቼ ሄድኩ። ባሌ «ዛሬም በሽተኛ?» ብሎ ተቆጣ፤ እኔም ተቆጣሁት። የልጅቱ ሳሎን በሰው ሞልቷል፣ ልጆች በአዲስ ልብስ ይሯሯጣሉ። እንኳን አደረሳችሁ ተባባልንና «አባባስ?» አልኩ። «ውስጥ ናቸው፣ አስቀድመን አቅርበንላቸዋል» አለች፤ የያዘችኝን ቂም በበዓል ልትገልጠው አልፈለገችም። ወደ ውስጥ ገባሁ። ሽማግሌው ጋቢ ለብሰው አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ምርጡ ሁሉ ቀርቧል፤ እንቁላሉ ሙሉ ነው፣ ወጡ ረግቷል፣ እንጀራው ከዳር አልተቆረሰም።

«ጠዋት ቀምሻለሁ» አሉኝ ሳልጠይቃቸው።

«አልቀመሱም።»

ካመሰገኑኝ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ድሮው ዓይናቸው ፈጠጠ። «ስለት አለብኝ! እስከ ጰራቅሊጦስ ልጾም ተስያለሁ። ምን አገባሽ?»

ያን ጊዜ ያዝኳቸው። ከፋሲካ በኋላ ያለው ኀምሳ ቀን ጾም የሌለበት ነው፤ ረቡዕና ዓርብ እንኳ ይበላል። ይህን እኔ እያወቅሁ ከልጅነታቸው ቤተ ክርስቲያን ያልተለዩት እሳቸው ሊስቱት አይችሉም። ቅድስና ቢሆን ኖሮ ሕጉን ይጠብቁ ነበር። የለበሱት ጾም በፋሲካ ዕለት ከላያቸው ወልቆ ወደቀ፣ እሳቸው ግን አለመብላቱን ማቆም አልቻሉም።

በማግስቱ ወደ አባ ሮጥኩ። «በበዓለ ኀምሳ የሚጾም የንስሐ ልጅ አለዎት?» አልኳቸው። ብድግ አሉ። «ማን ፈቀደለት?» ደሜ ፈላ፤ ሰውየው ሲያልቁ ያልተነሡት፣ ሕግ ፈረሰ ሲባል ተነሡ። ግን ተነሥተዋልና ዝም አልኩ። ዳገቱን አብረን ወጣን፣ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ።

አባ ገና በሩን ሳያልፉ ጀመሩ። «በኀምሳው ቀን መጾም ክልክል መሆኑን አያውቁም? ማነው ይሄን ያዘዘዎ?» ልጅቱ ተደናግጣ ከኋላችን ቆመች። ሽማግሌው መስቀሉን ተሳለሙና በቀስታ «እየጾምኩ አይደለም አባ። ምግብ አልወርድ ብሎኝ ነው» አሉ።

አባ ተነፈሱ። ወደ እኔ ዞረው «በይ እንግዲህ፣ ሕመም ነው፣ መድኃኒት ስጪያቸው» አሉ። ጾም ነው ሲባል ወደ ቄሱ፣ ሕመም ነው ሲባል ወደ ነርሷ፤ ሰውየውን እንደ ዕቃ ስንቀባበል በመካከል ሊያልቁ ነው። ከዚያ በላይ አልቻልኩም። አልጋው አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ፣ ዓይናቸውን እንዳይ። በአማርኛችን ሰውን እርስዎ እያሉ እንዲህ ያለውን ነገር የሚጠይቁበት ያማረ መንገድ የለም። ስለዚህ ሳላሳምረው ጠየቅሁ።

«አባባ፣ ቢቆጡኝም ይቆጡኝ። የማይበሉት ለመሞት ብለው ነው?»

ልጅቱ ደረቷን መትታ «በስመ አብ!» አለች። አባ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟት።

ሽማግሌው ሸክም እንዳወረደ ሰው ትከሻቸው ወደቀ።

«አዎ» አሉ።

«ያከብሩኛል» አሉ ወደ ልጃቸው ሳያዩ። «በጣም ያከብሩኛል። ሳህኔን ከሁሉም አስቀድመው ያመጡልኛል፣ በሩን ቀስ ብለው ይዘጉታል። ከዚያ በወዲያ በኩል ሲስቁ እሰማለሁ። ስወጣ ይነሡልኛል፣ ዝም ይላሉ። ዕድሜዬን ሙሉ ከእናቷ ጋር ከአንድ መሶብ የበላሁ ሰው ነኝ፤ እየተጣላንም ቢሆን። አሁን የሚጣላኝ እንኳ የለም። በእጄ ብሞት ከሷ ጎን አታስቀብሩኝም። ጾመኛ ግን ሲሞት ቅዱስ ነው ይባላል። እግዜርን አላታለልኩትም፣ እሱ ያውቃል። እናንተን ነው።»

«አባዬ፣ እኛ እኮ እንዳንረብሽዎ ብለን ነው» ብላ ልጅቱ እግራቸው ላይ ወደቀች። እውነቷን ነው። በኛ ቤት ሽማግሌ የሚከበረው እንዲህ ነው፤ ምርጡ ተቆርጦ፣ ለብቻ ቀርቦ። ሲያስቡት ከእስረኛ ስንቅ ምን ይለየዋል?

አባን ፈራኋቸው። ቁጣቸውን አውቃለሁ፤ እርግማን ይጠራሉ ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን በርጩማ ስበው ተቀመጡ።

«የንስሐ አባትዎ እኔ ነኝ?»

«ነዎት።»

«እንግዲያስ ቀኖና እሰጥዎታለሁ።» ቀኖና ለበደለ ሰው የሚሰጥ የንስሐ ቅጣት ነው፤ ጾምና ስግደት ነው የለመድነው። «ቀኖናዎ መብላት ነው። ለብቻዎ አልፈቅድም። ከልጆቹ መሶብ ቀርበው፣ ሲስቁ እየሳቁ፣ ሲጣሉም እየተጣሉ ይበላሉ። ያ ሐሳብ ሲመጣብዎ ደግሞ ለኔ ወይ ለዚች ነርስ ይነግራሉ። ይዘውት አያድሩም። ካደሩ ቀኖናዎን አፈረሱ።»

«ከሷ ጎንስ?» አሉ ሽማግሌው እንደ ሕፃን።

«ቦታው የትም አይሄድም። እግዚአብሔር ሲጠራዎ ያስቀምጥዎታል። እርስዎ ራስዎን አይጥሩ።»

ልጅቱ ዶሮውን ልታመጣ ስትሮጥ ያዝኳት። እንዲያ የከሳ ሰው በዶሮ ወጥ አይጀምርም፤ አጥሚት፣ በትንሹ፣ በማንኪያ። ሽማግሌው የመጀመሪያውን ማንኪያ ሲውጡ ያዩኝ አስተያየት ግን የምስጋና አልነበረም። «አንቺ ከየት መጣሽብኝ?» አሉኝ። የቀረቻቸውን አንዲት መንገድ የዘጋሁባቸው እኔ ነኝና አልፈረድኩባቸውም።

እንዲህ ተባለና ተጠናቀቀ ማለት እወድ ነበር። አልተጠናቀቀም። ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ፋሻውን ከፈታሁ በኋላ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ያ ሐሳብ መጥቶ ነበር?» እላቸዋለሁ። አንዳንዱን ሳምንት «መጥቶ ነበር» ይላሉ፣ አንዳንዱን «አልመጣም፣ አንቺ ግን መጣሽ» ይላሉ። መጥቶ ነበር ባሉ ቀን እንዲሁ አልለቃቸውም፤ ልጃቸውን አስጠርቼ አስረክባታለሁ። ነጋዴው ዣንጥላውን ይዞ ቤታቸው ድረስ ሄዶ «የቧንቧው ጥፋት የኔ ነበር» ቢላቸው «ድሮስ የማን ሊሆን ኖሯል!» ብለው ጮኹበት አሉ። ጎረቤት ተጣሉ ብሎ አዘነ፤ እኔ ግን ያን ሌሊት በሰላም ተኛሁ።

ያንገበገበኝ ሌላው ነው። ቤተሰቡ ነገሩን «ጨጓራ ነበር» ብሎ ዘጋው። ሰፈሩ እኔን «ጾም አስፈቺዋ» እያለ ሲጠራኝ ከረመ። አለቃችን የነበረችው ነርስ ጠርታኝ «ሽማግሌ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ይጠየቃል? ሐሳቡን አንቺው ታስገቢባቸዋለሽ» ብላ ገሠጸችኝ። ራሱን ያላመመውን ሰው «ራስዎን ያምዎታል ወይ?» ብዬ ብጠይቀው አያመውም አልኳት። ምላሴን ሰብሰብ እንዳደርግ አዘዘችኝ። ለአዲሶቹ ነርሶች እንዳስተምር ብጠይቃትም ፋሻ አስተሳሰር አስተምሪ አለችኝ።

ጾመ ሐዋርያት ሊገባ ሲል አባ ወደ ሆስፒታሉ መጡ። ክፍላችን እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ተነሥቶ መስቀል ተሳለመ፣ ቦታ ለቀቀላቸው፤ ከታማሚዎቹ መሐል አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «የኛ ሰው ይጹሙ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። «አይጹሙ አባ፣ ገና ናቸው» አልኩ። «መልካም» አሉ። ግን አልተነሡም። የያዝኩትን ፋሻ ጨርሼ ወደ እሳቸው ተጠጋሁ።

«ያምዎታል አባ?»

«ያመኛል» አሉ። መስቀላቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ዝቅ ባለ ድምፅ ቀጠሉ። «ልጄ፣ ስንት ጾመኛ ሽማግሌ ቀብሬያለሁ መሰለሽ። እያመሰገንኩ። እንደሳቸው ሁኑ እያልኩ ሰብኬያለሁ። አሁን አንድ በአንድ ይመጡብኛል። ከነሱ ውስጥ ስንቱ ነው እንዲህ የሞተው?»

«አላውቅም አባ» አልኩ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንዲት ባልቴት አለች፣ የንስሐ ልጄ ናት። ከትናንት በስቲያ መግነዟን አሳየችኝ። መግነዝ ማዘጋጀት ያለ ነው፣ እኔም አዘጋጅቻለሁ። ግን ዶሮዎቿንም ለጎረቤት ሰጥታለች። ‹ጎበዝ› ብያት መጣሁ። ዛሬ ልመለስ ነው። ምን ብዬ ልጠይቃት?»

ሽማግሌውን የጠየቅሁትን ያንኑ ጥያቄ ነገርኳቸው። ፊታቸውን አጨማደዱ። «‹ዓለም ሰለቸሽ ወይ?› ብላትስ?»

«አይሆንም አባ። እንዲያ ካሏት ‹አዎ አባ፣ ዓለም ከንቱ ነው› ትልዎታለች። ይባርኳትና ይመለሳሉ።»

ሊቆጡ አሰቡና ተዉት። «ልጄ…» ብለው ቆሙ። በቅዳሴ ለዚያ ሁሉ ሕዝብ የሚሰማው ድምፅ አልወጣ አለ። እንደገና ሞከሩ፣ ቃሉ መሐል ላይ ተሰበረባቸው። እኔም ሥራዬ ተከምሮ ሰልፉ እያጉረመረመ ነውና ትዕግሥቴ አልቆ «ይበሉት እንጂ አባ! ቀጥ አድርገው ይበሉት!» ብዬ ጮኽኩባቸው። አባም ተቆጥተው፣ ቀና ብለው፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ተናገሩት።

«ልጄ፣ ለመሞት አስበሻል ወይ?»

ከአግዳሚው ጫፍ፣ የተቃጠለ እጃቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው ከጠዋት ጀምሮ ተራ ሲጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ቀና አሉ። ማንም ወደ እሳቸው አላየም ነበር።

«አዎ አባ» አሉ።